ቤት የእግዜር ነው፤ ገቢውስ የማን ነው?

በኢትዮጵያ ደጋማ ገጠር መንገደኛ ሲመሽበት ደጃፍ ቆሞ የሚለው የታወቀ ነው፦ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ።» ከውስጥ የሚመጣው መልስም የታወቀ ነው፦ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ።» ማን ነህ፣ ከየት መጣህ የሚለው ጥያቄ እንግዳው እግሩን ከታጠበና እህል ከቀመሰ በኋላ ይደርሳል። ዛሬ «የገጠር ቱሪዝም»፣ «የእርሻ ቱሪዝም» እየተባለ በየስብሰባ አዳራሹ እንደ አዲስ ግኝት የሚቀርበው ነገር መሠረቱ ይኸው ነው። እንግዳ ገበሬ ቤት ያድራል፣ ገበሬው የሚበላውን ይበላል፣ አዝመራውን አይቶ በማግስቱ መንገዱን ይቀጥላል።

አዲሱ ነገር ክፍያው ነው። ክፍያው ደግሞ አንድ የቆየ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ጋባዡ ማን ነው? ገበሬው ራሱ ነው ወይስ በገበሬው ስም ሌላ ሰው? የኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ ያልተቀበለበት ዘመን የለም። በራሱ ፈቃድና በራሱ ዋጋ የተቀበለበት ዘመን ግን በጣም አጭር ነው። አሁን የሚያሰጋውም ይህ አጭር ዘመን በቅጡ ሳይጀመር እንዳያልቅ ነው።

በትእዛዝ የመጣ እንግዳ

እ.ኤ.አ በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ቆይቶ ያየውን ጽፏል። መልእክተኞቹ በደረሱበት ሁሉ ቀለባቸውን የሚያቀርበውና ዕቃቸውን የሚሸከመው የየመንደሩ ነዋሪ ነበር፤ የሚያዘው ደግሞ ቤተ መንግሥቱ። ነዋሪው ይህን ሁሌም በደስታ አልተቀበለውም። አልቫሬዝ ራሱ፣ ታላላቆቹ ሰዎች ድሃውን ባያስጨንቁት ኖሮ ሀገሩ ከዚህ የበለጠ ያመርት እንደነበር ታዝቧል።

ይህ አሠራር ድርጎ ይባላል። የንጉሥ ወይም የገዥ እንግዳ ሲያልፍ እንጀራው፣ ማሩና በጉ የሚወጣው ከገበሬው ጓዳ ነው። በኋላ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች «የሐበሻ እንግዳ ተቀባይነት» ብለው ካወደሱት መስተንግዶ አንዳንዱ፣ ሒሳቡ ሲታይ፣ ግብር ነበር። ምስጋናው ለገዥው ሲሆን ወጪው የገበሬው ነበር።

ከእንግዳው የከፋው ወታደሩ ነው። ደመወዝ ያልነበረው ሠራዊት በገበሬ ቤት እየተመራ ያድር፣ ገበሬውን ቀልበኝ ይል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በንግሥናቸው መጀመሪያ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ፣ ወታደሩም ገበሬውን እንዳይዘርፍ አዘው ነበር። ዘመቻው ሲበዛና ግብሩ ሲሳሳ ግን ያው ሠራዊት ተመልሶ ገበሬው ላይ ወደቀ። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ በ1892፣ ክፉ ቀን በሬውን ጨርሶ ገበሬውን ካራቆተ በኋላ፣ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ገበሬው ከምርቱ አሥራት ለመንግሥት ጎተራ እንዲያስገባ፣ ወታደሩም ከጎተራው እንዲቀለብና ከገበሬው ቤት እንዲወጣ ደነገጉ። አፈጻጸሙ በየቦታው አንድ ዓይነት አልነበረም። የአዋጁ መንፈስ ግን ግልጽ ነበር፦ ገበሬ የፈለገውን ያህል እንግዳ ተቀባይ ቢሆን፣ እምቢ የማለት መብት ከሌለው መስተንግዶው ዕዳ ይሆንበታል።

በመኪና መስኮት የታየ መንደር

ዘመናዊው ቱሪዝም የመጣው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ ነው። የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ተቋቋመ፤ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው መፈክር ዓለምን ዞረ። የጉብኝቱ መስመርም ተቀየሰ፦ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ላሊበላ። እንግዳው በአውሮፕላን ይደርሳል፣ ሆቴል ያርፋል፣ አብያተ ክርስቲያናቱንና ግንቦቹን ያያል፣ ይመለሳል።

ሀገሪቱን በዓለም ያስተዋወቀ ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን በእነዚህ ከተሞች መካከል ያለው የገበሬ መንደር በዚያ መስመር ላይ ስፍራ አልነበረውም። ጤፉ ሲያሽት፣ ገብሱ ሲታጨድ፣ በሬው ሲጠመድ እንግዳው የሚያየው በመኪና መስኮት ነው። አልፎ አልፎ መኪናው ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ አንድ ሁለት ሳንቲም ለልጆች ይወረወራል። ቱሪዝም ለገጠሩ ሕፃን ያተረፈው ከመኪና ኋላ መሮጥን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ቱሪስቱ ተመናመነ። ከአዲስ አበባ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት የሚጠየቅ የውጭ ሀገር ሰው ገበሬ ቤት የሚያድርበት ምክንያት አልነበረም። ሆኖም በዚያው ዘመን ለዛሬው ጉዳይ ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር ተፈጸመ። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ አራሹ ባለይዞታ ሆነ። ባለቤትነቱ የመንግሥት ቢሆንም፣ ገበሬው ቢያንስ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ይህ ቤቴ ነው» ማለት ቻለ።

መቄት፦ በተራ የሚስተናገድ እንግዳ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም በሰሜን ወሎ መቄት የተጀመረው ሙከራ ለዚህ ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ነው። መቄት በድርቅና በእርዳታ እህል ስሙ የሚነሳ፣ ዝናብ ከቀረ ጎተራው የሚራቆት ደጋ ነው። በሴቭ ዘ ችልድረን ዩኬ ድጋፍ የተጀመረውና «ተስፋ» የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ በመቋጥ ማርያምና በሌሎች መንደሮች በሣር ክዳን የተሠሩ ጥቂት የእንግዳ ቤቶችን አቆመ። ቤቶቹ የመንደሩ ናቸው። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይጓዛል፣ ዕቃውን የገበሬ አህያ ይጭንለታል፣ ማታ ሽሮ በእንጀራ ይቀርብለታል፣ ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ መንጋ እያየ ቡናውን ይጠጣል።

የዚህ ሙከራ ብልሃት ቤቱ ላይ ሳይሆን አሠራሩ ላይ ነው። እንግዳውን የሚያፈላልገውና ቀጠሮ የሚይዘው አዲስ አበባ ያለ ቢሮ ነው፤ ገበሬው እንግሊዝኛና ኢሜይል ባለማወቁ ከገበያው አይወጣም። የሚያስተናግደው ግን መንደሩ ነው፤ ኮሚቴ ይመርጣል፣ ሥራውን በተራ ይከፋፈላል፣ ገቢው ከየት መጥቶ የት እንደገባ ይነጋገራል። እንግዳው የሚመጣው በቁጥር ተወስኖ ስለሆነ ማንም በሬውን ፈትቶ አስጎብኚ አይሆንም። ማረሱ ይቀጥላል።

በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ወንጪም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረው ሐይቅ፣ በደሴቱ ላይ ያለው የቂርቆስ ገዳም፣ በዙሪያው ያለው የእንሰትና የገብስ ማሳ፣ የወንጪ ማር እንግዳ መሳብ የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ መጀመሪያ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ የአካባቢው ነዋሪ በማኅበር ተደራጀ። ፈረስ አከራዩም፣ ጀልባ ቀዛፊውም፣ አስጎብኚውም ተራ ያዘ። ተራ ትንሽ ነገር ይመስላል። ተራ በሌለበት ግን ጉልበተኛው ሁሉንም ይወስዳል፤ እንግዳውም በፈረስ አከራዮች ግፊያ ተማርሮ ይሄዳል።

የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 «ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች» የሚል ምርጫ ሲጀምር ወንጪ ከመጀመሪያዎቹ 44 መንደሮች አንዷ ሆነች። በተከታዩ ዓመት የጮቄ ተራሮች ኢኮ ቪሌጅ ከጎጃም ተመረጠ። የምርጫው መስፈርት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ መንደሩ ከ15 ሺህ ያልበለጠ ሕዝብ ያለውና እንደ እርሻ፣ ከብት እርባታ፣ ደን ወይም ዓሣ ማስገር ያለ ነባር ኑሮው ጎልቶ የሚታይበት መሆን አለበት። ዓለም ወንጪን የመረጠው ገበሬው ገበሬ ሆኖ ስለቆየ ጭምር ነው።

ጣሊያን ሕግ ያወጣችበት ነገር

ይህን ነገር በሕግ ካሰሩት ሀገሮች ጣሊያን ትጠቀሳለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጣሊያን ገጠር ተራቆተ። የባለመሬቱን መሬት በእኩል የሚያርሰው ገበሬ ልጆቹን ይዞ ወደ ሚላኖና ቶሪኖ ፋብሪካዎች ጎረፈ፤ የድንጋይ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ። አንዳንድ ገበሬዎች ባዶውን ክፍል ለከተሜ ማከራየት፣ የራሳቸውን ወይንና ዘይት ማብላት ጀመሩ። እ.ኤ.አ በ1965 የእርሻ ቱሪዝም ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1985 ደግሞ ፓርላማው ሕግ አወጣ።

የ1985ቱ ሕግ ቁም ነገር አጭር ነው። የእርሻ ቱሪዝም ሊሠራ የሚችለው ገበሬውና ቤተሰቡ ነው። ማረፊያው ገበሬው የሚኖርበት ቤት ወይም ለእርሻው የማያስፈልግ ነባር ሕንፃ ነው። የሚቀርበው ምግብ በዋናነት የእርሻው ምርት ነው። ከሁሉም በላይ እርሻው ዋና፣ መስተንግዶው ተደራቢ ሆኖ መቀጠል አለበት። ሆቴል ሠርቶ ጓሮው ላይ ሁለት የወይን ሐረግ የተከለ ባለሀብት በዚህ ስም መነገድ አይችልም። ሕጉ በ2006 ቢሻሻልም ይህ መርህ አልተነካም። ዛሬ በጣሊያን ከ25 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ እርሻዎች እንግዳ ይቀበላሉ።

ጣሊያን ሀብታም ናት፤ መንገዷም ባንኳም ሌላ ነው። ስለዚህ ሕጓን ገልብጦ ማምጣት መፍትሔ አይሆንም። ጥያቄዋ ግን ለኢትዮጵያም ይሠራል፦ «የእርሻ ቱሪዝም» የሚለው ስም የማን ነው?

የጊዜው ጥያቄ

በ2012 ዓ.ም ማብቂያ ይፋ የሆነው «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን አንስቷል። ወደ ወንጪ መንገድ ገብቷል፣ ዘመናዊ ሎጅ ተሠርቷል። መንገድ ለገበሬው በረከት ነው፤ የታመመ ሰው ሆስፒታል ይደርስበታል፣ እህልና ማር ገበያ ይወጣበታል። ሎጅም በራሱ ክፉ አይደለም። ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ እንግዳ የሚጠይቀውን አልጋና ፍል ውኃ የሣር ክዳን ቤት ሁሉ ሊያቀርብ አይችልም።

ጥያቄው የሚመጣው መንደሩ የሎጁ ጌጥ ሲሆን ነው። ሕገ መንግሥቱ መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ ገበሬው ከይዞታው እንዳይነቀል ጥበቃ ይሰጠዋል። ለልማት ሲባል ግን መሬት በካሳ ሊወሰድ ይችላል። አንድ የሐይቅ ዳር ማሳ ዋጋው ጤፍ ወይም ገብስ በሚያፈራው ብቻ ከተሰላ፣ ከማሳው የሚታየው ሐይቅ ዋጋ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እንግዳው የሚከፍለው ግን ለዚያ እይታ ነው። ትናንት ባለቤት የነበረው ሰው ነገ እዚያው ቦታ ላይ ጥበቃ ወይም ፈረስ ጎታች ሆኖ ሊቀጠር ይችላል። ሥራ አገኘ ተብሎ በሪፖርት ይጻፋል። ያጣው ነገር ግን ሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ በሩን የመክፈትና የመዝጋት መብት ነው።

ሌላም የሚረሳ ሰው አለ። በየትኛውም የእንግዳ ቤት ሊጥ የምታቦካው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው ሴት ናት። ኮሚቴው ስብሰባ ሲቀመጥ ገንዘቡን የሚቆጥረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ድርጎን ያስቀረ ዘመን በጓዳ ውስጥ አዲስ ድርጎ እንዳይጀምር ይህም ከአሁኑ መታሰብ አለበት።

«ገበሬው ካፒታል የለውም» የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ሆኖም በ2016 ዓ.ም የጸደቀው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያሲዝ ፈቅዷል። ባንኩ ለማዳበሪያ የሚያበድር ከሆነ፣ ለሁለት ክፍል የእንግዳ ቤትና ለንጹሕ መጸዳጃ የማያበድርበት ምክንያት የለም። የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱም አንድ ቀላል ደንብ ቢያወጣ ብዙ ነገር ይስተካከላል፦ በእርሻ ቱሪዝም ስም ፈቃድ የሚያወጣ ሰው በቦታው የሚያርስ ይሁን፤ የማያርስ ባለሀብት «ሎጅ» ብሎ ይሥራ፤ ከመንደሩ ጋር የሚሠራ ከሆነም ድርሻው በጽሑፍ ይታወቅ።

እርሻው ዋና መሆኑ ለወግ ብቻ የሚባል አይደለም። ወረርሽኙ በ2012 ዓ.ም ድንበሩን ሲዘጋ ቱሪስት በአንድ ጊዜ ጠፋ። ተከትሎ የመጣው ጦርነት ላስታንና መቄትን አዳረሰ፤ ጋሸና የውጊያ ሜዳ ሆነች። ከዚያ ወዲህም በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገደኛውን አስቀርቷል። በላሊበላ ኑሮውን በቱሪስት ብቻ የመሠረተ ሰው የሚይዘው የሚጨብጠው አጣ። በሬውን ያልፈታ ገበሬ ግን፣ መከራው ባይቀርለትም፣ የሚዘራው መሬት ነበረው። እንግዳ ዝናብ ለቀረበት ዓመት መደጎሚያ ሊሆን ይችላል፤ ማሳውን ከተካ ግን እንግዳው በቀረበት ዓመት መደጎሚያ የለም።

አንድ ቀን ሰላም ወርዶ መንገደኛው ተመልሶ ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል፣ ከውስጥ ድምፅ መሰማቱ አይቀርም። ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይህን ገበሬው ከማንም በፊት ያውቀዋል። «ግባ» የሚለው ግን ማን ይሆናል? የቤቱ ጌታ ወይስ ደጁ ላይ የተቀጠረ ዘበኛ?