ከኖባ የመጡት ስድስት መልእክተኞች

በአፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1520 እስከ 1526 ዓመት ድረስ በኢትዮጵያ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ በንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ሳለ ያየውን አንድ ነገር ጽፎ ትቷል። ስድስት ሰዎች ከኖባ ምድር መጥተው፥ ሕዝቡን የሚያስተምሩ ካህናትና መነኮሳት እንዲላኩላቸው ለመኑ። ንጉሡም፥ እርሱ ራሱ ጳጳሱን የሚያገኘው በእስላም መንግሥት ሥር ካለው ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ነውና፥ ከሌላ የሚቀበለውን እንዴት አድርጎ ለሌላ ሊሰጥ እንደሚችል መለሰላቸው ይባላል። መልእክተኞቹም እንደ መጡ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

እነዚህ ሰዎች የመጡባት አገር ትናንት የተጠመቀች አልነበረችም። ከአስዋን በላይ ዓባይን ተከትለው ኖባድያ፥ ማኩርያና አልዋ የሚባሉ ሦስት መንግሥታት ነበሩ። በ543 ገደማ ንግሥት ቴዎዶራ የላከችው ካህኑ ዩልያኖስ ወደ ኖባድያ ገባ፤ ከእርሱም በኋላ ኤጲስ ቆጶሱ ሎንጊኖስ በ580 እስከ አልዋ ድረስ ዘልቆ አጠመቀ። ከዚያ ወዲህ ክርስትና በዚያ አገር ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ቆየ። እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን የኖረ ሃይማኖት ስለ ምን ጠፋ? ሊጸናስ ይችል ነበርን?

ብዙ ሰው ሰይፍ አጠፋው ይላል። ነገር ግን የዐረብ ሠራዊት በ652 ገደማ ዶንጎላን በከበበ ጊዜ፥ የኖባ ቀስተኞች ዓይን እየለዩ ስለ ነደፉት ከተማይቱን ሊይዝ አልቻለም። ስለዚህ ባቅት የሚባል ውል ተደረገ፤ ኖባ በየዓመቱ 360 ባሪያዎች እየሰጠች፥ ከግብፅም እህልና ልብስ እየተቀበለች፥ ዋጋው መራራ ቢሆንም፥ ለብዙ መቶ ዓመታት በሰላም ተቀመጠች።

ሌላው ደግሞ የባዕድ ቋንቋ ሕዝቡን አራቀው ይላል። ይህም አይበቃም፤ ኖባውያን ከግሪክና ከቅብጥ ቋንቋ ጋር በገዛ ቋንቋቸው ቅዱሳት መጻሕፍትን ጽፈው ነበርና። የጳጳሳት ማነስ ነው እንዳይባል፥ በፋራስ ካቴድራል ግድግዳ ላይ እየተከታተሉ የተሾሙ ከሃያ በላይ ኤጲስ ቆጶሳት ስም ተጽፎ ተገኝቷል፤ ሌሎች ከተሞችም የራሳቸው ጳጳስ ነበራቸው። ኢትዮጵያ ግን በዚያው ዘመን ብዙውን ጊዜ አንድ ጳጳስ ብቻ ነበራት። ብዙ ጳጳሳት የነበሯት ጠፋች፥ አንድ የነበራት ጸናች።

የጥፋቱ በር የተከፈተው ከቤተ መንግሥቱ ነው። በኖባ ዙፋኑን የሚወርሰው ብዙ ጊዜ የንጉሡ የእኅት ልጅ ነበር። ኢብን ኻልዱን እንደ ጻፈው፥ የኖባ ነገሥታት ወደ አገራቸው ለገቡት ለጁሃይና ዐረቦች ሴቶች ልጆቻቸውን በዳሩ ጊዜ፥ ርስቱና ሥልጣኑ በእናት በኩል ወደ ዐረቦቹ ልጆች ተላለፈ። ደግሞም የንጉሡ ቤተ ሰቦች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ግብፅን ለእርዳታ ጠሩ፤ በ1276 የማምሉኮች ሠራዊት ዶንጎላ ገብቶ የወደደውን አነገሠ። በ1317 የነገሥታቱ አዳራሽ መስጊድ ሆነ።

ከዚህ በኋላ እንኳ ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። በ1964 በኢብሪም ምሽግ ጢሞቴዎስ የሚባል ኤጲስ ቆጶስ መቃብር ተገኘ፤ በ1372 ገደማ የተጻፈው የሹመቱ ደብዳቤ፥ አንዱ በቅብጥ ሌላው በዐረብኛ፥ ከአስከሬኑ ጋር ነበረ። ስለዚህ ዙፋኑ ከወደቀ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ገና ጳጳስ ይላክ ነበር። ኋላ ግን መንገዱ ተዘጋ፤ አልቫሬዝ እንደ ሰማው፥ የመጨረሻው ጳጳስ ሲሞት ከጦርነቱ የተነሣ ሌላ ማምጣት አልተቻለም፤ ካህናቱም እየሞቱ አለቁ። በኖባ የነበረ አንድ ሶርያዊ ለአልቫሬዝ እንደ ነገረው፥ በዚያች አገር ሥዕላቸው ያልጠፋ 150 አብያተ ክርስቲያናት ቆመው ነበር። ሕዝቡ ክርስቲያን መሆን ይመኝ ነበር፤ የሚቀድስለትና የሚያጠምቅለት ግን አልነበረውም።

ስለዚህ የኖባ ሕዝብ አብዛኛው በክርስትና ሊጸና የሚችለው፥ ቤተ መንግሥቱ በተናወጠ ጊዜ በየመንደሩ ካህን የሚያፈራ ቤት ቢቆይለት ኖሮ ነበር። በኢትዮጵያ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በሸዋ ያቋቋሟቸው ገዳማት፥ ጳጳስ በታጣበት ዘመን እንኳ ደቀ መዛሙርት እያስተማሩ ትምህርቱን ጠበቁ። ጳጳሱም በመጣ ጊዜ የሚቀባው የተማረ ሰው አላጣም፤ በብዙ መቶ የሚቈጠሩትን በአንድ ቀን ይቀባ ነበር። አንድ ጳጳስ ለሰፊ አገር የበቃው ስለዚህ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ካህናት ቢልክ ኖሮስ? ጳጳስ መሾም በእርግጥ አይቻለውም ነበር፤ መልሱም ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን አቡነ ማርቆስ በአገሩ ነበሩ፥ የተቀቡ ካህናትም ሞልተው ነበር። አንድ መቶ ካህናት ቢሄዱ አንድ ትውልድ ያጠምቁ ነበር፤ ከዚያም ትውልድ ውስጥ ጳጳስ ፍለጋ የሚወጣ አይጠፋም ነበር። ይሁንና ከጥቂት ዓመት በኋላ በ1529 የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሆነና ኢትዮጵያ ራስዋ ተቃጠለች፤ የተላኩትን መደገፍ ባልተቻለም ነበር።

በዚያ መከራ ጊዜ አፄ ልብነ ድንግል በተራው ባሕር አሻግሮ ወደ ክርስቲያን ንጉሥ መልእክተኛ ልኮ እርዳታ ለመነ። ፖርቱጋል የላከችው 400 ወታደሮች በ1541 ምጽዋ ደረሱ፤ ንጉሡ ግን በ1540 ዐርፎ ነበር። የእርሱ ልመና ዘግይቶም ቢሆን ተሰማ። የስድስቱ ኖባውያን ልመና ግን ሁለተኛ አልተሰማም፤ 150ዎቹም አብያተ ክርስቲያናት ካህን ሳያገኙ በአሸዋ ተሸፈኑ።