ቁልፉ ሳይሰበር በፊት

ከሦስት ዓመት በፊት ግቢያችን ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ክፍል የተከራየች ልጅ አንድ ቀን እንደወጣች ሳትመለስ ቀረች። ስልኳ ዝግ ነው። በሩ ላይ የራሷ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሦስት ወር ሙሉ ኪራይ ሳይከፈል አለፈ። ታላቅ ወንድሜ «ቁልፉን እንስበርና ዕቃውን ሸጠን ኪራያችንን እንውሰድ» አለ። እናቴ ደግሞ «የሰው ዕቃ አይነካም» አለች። እኔ ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ክርክር ሲነሳ ፍለጋ እገባለሁ። ፍለጋው እንግሊዝ አገር አደረሰኝ። እነሱ ይህችን ጥያቄ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በሕግ ሲያገላብጧት ኖረዋል።

በድሮው የእንግሊዝ ሕግ ኪራይ ያልተከፈለው አከራይ ፍርድ ቤት ሳይሄድ የተከራዩን ዕቃ መያዝ ይችል ነበር። መሸጥ ግን አይችልም፤ ዕዳው እስኪከፈል በመያዣነት ያስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1689 የወጣ ሕግ መሸጥን ፈቀደ። ሆኖም ለተከራዩ ማስታወቂያ ተሰጥቶ አምስት ቀን መጠበቅ፣ ዋጋውንም ቃለ መሐላ የፈጸሙ ሁለት ገማቾች መተመን ነበረባቸው።

ተከራዮችም ብልሃት አላጡም፤ ዕቃቸውን በሌሊት ጭነው ይጠፉ ነበር። የ1737ቱ ሕግ ለዚህ መልስ ሰጠ፦ በተንኮል የሸሸ ዕቃን አከራዩ እስከ 30 ቀን ድረስ ተከታትሎ ካገኘበት ቦታ ይይዛል። እኔን ያስቆመኝ ግን የዚያው ሕግ 16ኛ ክፍል ነው። ተከራዩ የአንድ ዓመት ኪራይ ሳይከፍል፣ ዕዳውን የሚሸፍን ዕቃም ሳይተው ቤቱን ጥሎ ከሄደስ? ሁለት የአካባቢ ዳኞች መጥተው ቤቱን ያያሉ፤ በጉልህ ቦታ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፤ ቢያንስ ከ14 ቀን በኋላ ተመልሰው ያያሉ። ያኔም ተከራዩ መጥቶ ካልከፈለ ቤቱን ለአከራዩ ያስረክባሉ። በ1817 የዓመቱ ውዝፍ ወደ ግማሽ ዓመት ወረደ።

ይሄ ለእኔ የሚገባኝ አሠራር ነው። ሰርቨር መልስ ስላልሰጠ ብቻ ዳታውን አናጠፋም፤ ጠብቀን ደግመን እንሞክራለን። ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም። ያኔ ሕግ ያወጡት ሰዎች ለተከራይ አዝነው ነው ለማለት አልደፍርም፤ ፓርላማው እኮ በባለመሬቶች የተሞላ ነበር። እነሱም ቢሆኑ ግን ጥለውት የሄዱት ቤት ሲወሰድ ምስክርና ቀነ ቀጠሮ ያስፈልጋል ብለዋል።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ወደ ባለዕቃው እያዘነበለ ሄደ። በ1888 ልብስ፣ መኝታና የሥራ መሣሪያ እስከ 5 ፓውንድ ግምት ድረስ ለኪራይ ዕዳ አይያዙም ተባለ። በ1977 የወጣ ሕግ ደግሞ ትተውት የሄዱትን ዕቃ መሸጥ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ለባለቤቱ ማሳወቅ ወይም ባለቤቱን አፈላልጎ ማጣት እንዳለበት ደነገገ፤ ከሽያጩም ወጪ ተቀንሶ የሚተርፈው ለባለዕቃው ነው። በ2014 ደግሞ በእንግሊዝና ዌልስ ያ አሮጌ ዕቃ የመያዝ መብት ራሱ ተሻረ፤ ከመኖሪያ ቤት አከራዮች እጅም ወጣ።

የእኛስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 154 የሚናገረው ስለ ኪራይ ሳይሆን ስለጠፋ ሰው ነው። አንድ ሰው ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ መጥፋቱ እንዲታወጅ ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሰው ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ሁለት ዓመት! ይሄን ሳነብ የእኛ ሦስት ወር አጭር መሰለኝ።

ፍርድ ቤት መሄድ ነበረብን፤ አልሄድንም። እናቴ የዕድሩን ዳኛና ሁለት ጎረቤቶች ጠራች። ቁልፉ በእነሱ ፊት ተሰበረ። ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ሁለት ሻንጣ፣ የ10ኛ ክፍል ካርድ። እኔ እያንዳንዱን ጻፍኩ፤ ሁሉም ፈረሙ። ዕቃው እናቴ ጓዳ ገባ፤ ክፍሉ ተከራየ።

ከ11 ወር በኋላ የልጅቷ እህት መጣች። ልጅቷ ዓረብ አገር ናት፤ ካርዷን ትፈልጋለች። ዝርዝሩን አንድ በአንድ እያነበብኩ አስረከብናት። «የካልሲው ሌላኛው እግርስ?» አለች። ወረቀቱ ላይ «ካልሲ፣ አንድ እግር» ይላል። ስቃ ፈረመች። ከዚያ ስለ ሦስቱ ወር ኪራይ ስትጠይቅ እናቴ «ስትመጣ ትከፍላለች» አለቻት።