አፉ ነጻ የሆነ ዜመኛ፦ በደቡብ ጎንደር ደጋ የተሳላሚ አቀባበልና ስም መጥራት

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ በኩል ጋሸና የሚደርሰው መንገድ ዛሬ የአውቶቡስና የጭነት መኪና መንገድ ነው። ለገና ላሊበላን ለመሳለም የሚሄደው የጎጃምና የበጌምድር ሰው ግን መኪና ከመምጣቱ በፊትም የጉናን ግርጌ ይዞ በእግሩ ይወጣ ነበር፤ ስለት ያለበት ዛሬም በእግሩ ይሄዳል። ላሊበላ ሲደርስ እግሩን አጥበው የሚቀበሉት አሉ። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ግን ሌላውን አቀባበል፣ በዜማ የሚደረገውን ነው። የሚነሣው ጥያቄም አንድ ነው፤ ዜመኛው ለመጣው ሰው የሚሰጠው ምንድን ነው?

ጥያቄውን ግልጽ የሚያደርገው የሩቅ አገር ልማድ ነው። በስፔን ሰሜን ምዕራብ፣ በጋሊሲያ፣ የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር እንዳለበት ወደሚታመነው የሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ካቴድራል ለሳምንታት በእግሩ የተጓዘ ተሳላሚ፣ ወደ አደባባዩ ከመግባቱ በፊት በአንድ ቅስት ሥር ያልፋል። እዚያ ጋይታ የሚነፋ ሰው ይጠብቀዋል። ጋይታ ከቆዳ ከረጢት ጋር የተገጠሙ ቱቦዎች ያሉት የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ነፊው ከረጢቱን በአፉ እየሞላ በክንዱ ይጫነዋል፤ ጣቶቹ ዜማውን ሲያወጡ ሌላው ቱቦ አንዲት ድምፅ ይዞ ሳያቋርጥ ይዘልቃል። የሚያልፈው ሰው ሳንቲም ይጥልለታል። በካቴድራሉ የምዕራብ በር ላይም መምህር ማቴዎ እ.ኤ.አ. በ1188 ባቆመው ሥራ፣ እኛ ካህናተ ሰማይ የምንላቸው 24ቱ ሽማግሌዎች የሙዚቃ መሣሪያ ይዘው ተቀርጸዋል። በእኛ ሥዕል የሚይዙት ጽና ነው፤ የሁለቱ አገሮች ልዩነት ከዚህ ይጀምራል ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም።

የጋይታ ነፊ አፉ ተይዟል። ከጀርመንም ከኮሪያም ለመጣው የሚያሰማው ያንኑ ዜማ ነው። ዜማው ልብ ይነካል፤ ማንንም ግን ለይቶ አይጠራም። የደቡብ ጎንደር አዝማሪ በተቃራኒው ቆሟል። መሰንቆው ባለ አራት ማዕዘን፣ ቆዳ የተለበጠ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ያለው ነው፤ ደጋኑም እንዲሁ። መሣሪያው ሁለቱን እጅ ቢይዝም አፍን አይነካም። ስለዚህ አዝማሪው በንግሥ ቀን ከፊቱ የቆመውን ሰው ስሙን ጠይቆ ወይም ከጓደኛው ሰምቶ፣ አገሩን፣ ጎበዝነቱን፣ የመጣበትን ጉዳይ በግጥም ያስገባዋል። ሰውየውም በፋንታው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው በዜማ ይመልስለታል። ሽልማቱ በግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ከቅጥሩ ውጭ ነው። ውስጥ ማሕሌቱ የከበሮ፣ የጸናጽልና የመቋሚያ ነው፤ መሰንቆ አይገባም። ብዙዎች ይህን አይተው አዝማሪውን የዓለም ሰው ብለው ብቻ ያልፉታል። ደብረ ታቦርን ከበው የሚገኙት አድባራት ግን የዜማ አገር ናቸው። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው፤ ዙር አምባም የዝማሬ መዋሥዕት። ቅኔ በሰሙ ወርቅ የሚደብቅበት ጥበብና አዝማሪው በደጅ ላይ የሚዘርፈው ግጥም በአንድ አገር፣ በአንድ ሰሚ ጆሮ ላይ ያደጉ ናቸው። ከጉባኤ ቤት የተመለሰ ሰው በንግሥ ቀን አዝማሪውን ሲያዳምጥ ወርቁን የሚፈልገው በለመደው ዘዴ ነው።

የላሊበሎች ነገር ይበልጥ የጠራ ማስረጃ ነው። ሐሚና እየተባሉም የሚጠሩት እነዚህ ዜመኞች መሣሪያ አይዙም። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ፀሐይ ሳይወጣ ከሰው ደጅ ይቆማሉ፤ አንዱ ሲያወርድ ሌላዋ ድምፅዋን እያስረዘመች ትቀበላለች። ዜማውን ከተዉ ሥጋ ደዌ ይይዘናል የሚል እምነት በዘራቸው ይተላለፋል። ወደ ደጁ ከመድረሳቸው በፊት የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን፣ አንዳንዴም የሚሳለመውን ታቦት ከጎረቤት ይጠይቃሉ። እንግዲህ ከግሸን ወይም ከላሊበላ ተመልሶ ገና ድካሙ ያልወጣለት ሰው ንጋት ላይ ከአልጋው ሳይነሣ ስሙን ከውጭ በዜማ ሲሰማ፣ መንገዱን መጨረሱ በመንደሩ ፊት ተነገረለት ማለት ነው። እህል ወይም ገንዘብ ሲወጣላቸው ይመርቃሉ፤ ካልወጣ ዜማው ይቀጥላል።

ስም መጥራት ዋናው ነገር መሆኑን የሚያሳየው ከሌሎቹ የደጅ ድምፆች ጋር ማነጻጸር ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ሲለምን የሚጠራው የእመቤታችንን ስም እንጂ የባለቤቱን አይደለም፤ ሰጪው ለእርሷ ሲል ይሰጣል። በነሐሴ 13 የቡሄ ልጆች ግን በየደጁ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሲጨፍሩ ባለቤቱን ያወድሳሉ፤ ሙልሙሉንም የሚያገኙት በዚሁ ነው። በደብረ ታቦር ይህ በዓል የከተማው ስም በዓል ስለሆነ የልጆቹ ጭፈራና የተሳላሚው መምጣት በአንድ ቀን ይገናኛሉ።

የትንፋሽ መሣሪያም ለአቀባበል ሳይውል አልቀረም። ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን ከቆረቆሩ ጀምሮ ከተማዋ የመሳፍንት፣ በኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ስትሆን፣ ለባለ ሥልጣን መምጣት መለከትና እምቢልታ ይነፋ፣ ነጋሪት ይጎሰም ነበር። እምቢልታ ጥቂት ድምፅ ብቻ የሚያወጣ በመሆኑ ነፊዎቹ እየተፈራረቁ አንድ ዜማ ይሞላሉ። ያ ድምፅ የሚያውጀው ማዕረግን ነው። ማዕረግ የሌለው መንገደኛ ደግሞ ቃል የሚናገርለት ሰው ያስፈልገው ነበር። ዋሽንት ይበልጥ የእረኛ መሣሪያ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ የሚነፋው ሰው ስንኝ ማውረድ አይችልም።

በዚህ ረገድ ጥናቱ ጎዶሎ አለበት። አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ አዝማሪ ያሳተመው ጽሑፍ አዝማሪውን እንደ ገጣሚ ሙዚቀኛ አስከብሮታል። ጃፓናዊው ኢትሱሺ ካዋሴም እ.ኤ.አ. በ2005 ላሊበሎችን በፊልም አስቀርቷል። ሁለቱም ሥራዎች ክብር ይገባቸዋል። ትኩረታቸው ግን በዜመኛው ላይ ነው፤ ስሙ የተጠራው ሰው ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ ቀርቷል። ዜማው ግን ያለ እርሱ ግማሽ ነው።

ነገሩ ጊዜ አይሰጥም። በንግሥ ቀን ከቅጥሩ ላይ የሚሰቀለው ሞንታርቦ ውጭ የቆመውን ዜመኛ ድምፅ ይውጠዋል፤ አንድ ሰው ስሙን በጆሮው መስማት ካልቻለ አዝማሪው የሚሸጠው ነገር የለውም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጋይንትና በደብረ ታቦር ዙሪያ የደረሰው ጦርነት፣ ከዚያም በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገዱን አስፈሪ ስላደረገው ተሳላሚውም ዜመኛውም ከቤቱ የሚወጣው ተጨንቆ ነው። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚወጣ ተማሪ መቅረጫ ይዞ ወደ ንግሥ ሲሄድ ከዜማው ቅኝት ጋር ሌላም ይመዝግብ፤ ማን ተጠራ? ስሙን ለዜመኛው ማን ነገረው? ከየት ተነሥቶ ስንት ቀን ተጓዘ? «ተቀበል» ብሎ ምን ስንኝ ሰጠ? ምንስ ሸለመ? ፈቃዱ ከተገኘም ተሳላሚው ራሱ ስለተባለለት ግጥም የሚለው፣ ከዜማው ጋር በአንድ ቅጂ ላይ ይቀመጥ።