ረሃብን ማስታገስ፣ አምሮትን መግራት፦ የምግብ ፍላጎት መድኃኒቶችና ከቁጥጥር የወጣ አበላል

በጥር 2015 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሊስዴክስአምፌታሚን የተባለውን መድኃኒት ከቁጥጥር ለወጣ አበላል ሕመም ማከሚያነት አጸደቀ። ለዚህ ሕመም በይፋ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ነበር። ከመድኃኒቱ ጋር በሚሰጠው መግለጫ ላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ማሳሰቢያ ሰፍሯል፤ መድኃኒቱ ክብደት ለመቀነስ አልተፈቀደም ይላል። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገልብጧል። ዛሬ ክብደት ለመቀነስ የተፈቀዱት ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ የአበላል ሕመምንም ይፈውሱ እንደሆነ ተመራማሪዎችም ታካሚዎችም እየጠየቁ ነው።

በእነዚህ ሁለት እውነታዎች መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘለል ጥያቄ አለ። በሽተኛው ተሻለው የሚባለው ምን ተቆጥሮ ነው? ኪሎው ነው ወይስ ምግብ ከእጁ ያመለጠባቸው ቀናት? ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ባለበት ሊቆይ፣ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል።

ሕመሙን በሕክምና መጽሔት ላይ ቀድሞ በጥንቃቄ የገለጸው አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አልበርት ስታንካርድ ነው። በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ካላቸው ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ በአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ ምግብ እንደሚበሉና ከዚያ በኋላ በጸጸት እንደሚሠቃዩ አሳየ። ሐሳቡ ራሱን የቻለ የሕመም ስም ለማግኘት ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው አምስተኛ የምርመራ መመሪያ ላይ ነው በሙሉ መብት የተመዘገበው። መስፈርቱ ግልጽ ነው። ሰውየው በተወሰነ ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ሰው በተመሳሳይ ሁኔታ ከሚበላው በግልጽ የበዛ ይበላል፤ እየበላም ማቆም እንደማይችል ይሰማዋል። ይህ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ወራት ይደጋገማል፤ ብርቱ ጭንቀትም ያስከትላል። እንደ ቡሊሚያ ሕመምተኞች ግን የበላውን ለማስመለስ ወይም በሚያስቀምጥ መድኃኒት ለማስወጣት አይሞክርም። በ2007 በታተመ የአሜሪካ ጥናት መሠረት ከመቶ ሴቶች 3.5ቱ፣ ከመቶ ወንዶች ደግሞ 2ቱ በሕይወት ዘመናቸው በአንድ ወቅት ይይዛቸዋል። ሁሉም ወፍራሞች አይደሉም፤ ወፍራም ሰው ሁሉም ይህ ሕመም የለበትም።

ከመስፈርቶቹ አንዱ በተለይ ለእኛ አገር አንባቢ የሚያሳስብ ነው፤ በኀፍረት ምክንያት ብቻን መብላት። ከአንድ ትሪ በሚበላበት፣ ጉርሻ የፍቅር መግለጫ በሆነበት፣ እንግዳ ጠግቤያለሁ ሲል በሞቴ በሚባልበት ኅብረተሰብ ውስጥ በፋሲካ ማግስት ወይም በሠርግ ድንኳን አብዝቶ መብላት ሕመም አይባልም። መመሪያው ራሱ «በተመሳሳይ ሁኔታ» የሚለው ለዚህ ነው። ሕመሙ የሚደበቀው ሌላ ቦታ ነው። ከማዕዱ ጥቂት ቆርሶ ቶሎ የሚነሣ ሰው ሌሊት ቤተሰቡ ሲተኛ ብቻውን ሊበላ ይችላል፤ ቤተሰቡም ምግብ የማይወድ ልጅ አለን እያለ ሊያዝን ይችላል። ብዙ በመብላቱ ለሚታማ ሰው ምስክር ብዙ ነው። በድብቅ የሚበላው ግን ጠያቂ ሐኪም ካላገኘ በቀር ምስክር የለውም።

ሊስዴክስአምፌታሚን ይህን የሚያስታግሰው እንዴት ነው? መድኃኒቱ ወደ ደም ከገባ በኋላ በቀይ የደም ሴሎች አማካይነት ቀስ በቀስ ወደ ዴክስትሮአምፌታሚን ይለወጣል፤ በአንጎል ውስጥም ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን የተባሉትን የመልእክት አስተላላፊዎች መጠን ከፍ ያደርጋል። ቀድሞ የተፈቀደው ትኩረት ማጣትና ቅብጥብጥነት ለሚያሳዩ ልጆች ነበር። በሁለቱ ትልልቅ ሙከራዎች ላይ የተሳተፉት ሕመምተኞች በሳምንት ወደ 5 ለሚጠጉ ቀናት ከቁጥጥር ውጭ ይበሉ ነበር። መድኃኒቱን የወሰዱት ከ12 ሳምንት በኋላ ወደ 1 ቀን ገደማ ወረዱ። ማስመሰያ እንክብል የተሰጣቸውም ቢሆኑ በአማካይ ከ2 ቀን በላይ ቀንሰዋል። ይህን ሁለተኛ ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝ፤ በዚህ ሕመም ዙሪያ የሚነገር የስኬት ዜና ሁሉ በእሱ መመዘን አለበት። የሚያዳምጥ ሐኪም ማግኘትና በየቀኑ የተበላውን መመዝገብ ብቻቸውን ብዙ ይሠራሉ ማለት ነው።

የዚህ ዓይነቱ መድኃኒት ባሕርይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በጫት እሸት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በአሠራሩ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ምርቃናው ሲይዘው ምሳው ማለፉን ሳያስተውል የሚውለው ከዚሁ የተነሣ ነው። ፍላጎትን የሚያፍነው ኃይል እንቅልፍንም ይነሣል፣ ልብንም ያስደልቃል፣ ሱስም ሊያስይዝ ይችላል። የአሜሪካ ሕግ ሊስዴክስአምፌታሚንን ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ተርታ የመደበው ለዚህ ነው።

ከሊስዴክስአምፌታሚን በፊት የነበረው የምግብ ፍላጎት መድኃኒቶች ታሪክ በአብዛኛው የተስፋና የመሰብሰብ ታሪክ ነው። ፌንፍሉራሚን የልብ ቫልቭ ስለሚጎዳ በ1997 ከገበያ ተሰበሰበ። አውሮፓ በ2006 የፈቀደችው ሪሞናባንት ድባቴና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በማስከተሉ በ2008 ታገደ። ሲቡትራሚን ደግሞ የድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ ስጋት ስለጨመረ በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጣ። የሲቡትራሚን ነገር ያሳዝናል፤ በ2003 በብራዚል 60 ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ሙከራ ከቁጥጥር የወጣ አበላልን በእርግጥ ቀንሶ ነበር። የሠራ መድኃኒት ሁሉ በጤና የሚያቆይ አይደለም።

የአሁኖቹ መድኃኒቶች ከሌላ ምንጭ የመጡ ናቸው። ምግብ ወደ አንጀት ሲደርስ ጂ.ኤል.ፒ.-1 የተባለ ሆርሞን ይመነጫል፤ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያደርጋል፣ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ያዘገያል፣ ለአንጎልም የጥጋብን ዜና ያደርሳል። ችግሩ ሆርሞኑ በደም ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ቆይቶ መፍረሱ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ብሮንክስ በጡረተኛ ወታደሮች ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ጆን ኢንግ፣ ጊላ በተባለው የአሜሪካ በረሃ መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ ከዚህ ሆርሞን ጋር የሚመሳሰልና ቶሎ የማይፈርስ ንጥረ ነገር አገኘ። ከእርሱ የተሠራው ኤክሰናታይድ በ2005 ለስኳር ሕመም ተፈቀደ። በሌላ መንገድ የመጡት ሊራግሉታይድና ሴማግሉታይድ ተከተሉ፤ ሴማግሉታይድ በደም ውስጥ ስለሚቆይ በሳምንት አንድ መርፌ ይበቃዋል። ሴማግሉታይድ ለውፍረት በተፈተነበት ዋነኛ ሙከራ 1,961 ሰዎች ተሳትፈው፣ መድኃኒቱን የወሰዱት በ68 ሳምንት ከክብደታቸው በአማካይ 14.9 በመቶ ቀንሰዋል፤ ማስመሰያ የወሰዱት 2.4 በመቶ ብቻ ነበር የቀነሱት።

ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን የተቆጠረው ኪሎ ነው።

ከቁጥጥር የወጣ አበላልን ራሱን ቆጥረው የተደረጉት ሙከራዎች ትንንሾች ናቸው። በማሌዥያ 44 ሰዎች የተሳተፉበት የሦስት ወር ጥናት ሊራግሉታይድ የወሰዱት ከሌሎቹ የበለጠ እንደተሻሻሉ አሳየ፤ ተሳታፊዎቹ ግን የሚወስዱትን ያውቁ ነበር። በጣሊያን የስኳርም የአበላልም ሕመም ያለባቸው 60 ሰዎች ተሳትፈው፣ ከዚሁ ወገን የሆነውን ዱላግሉታይድ የወሰዱት ግሊክላዛይድ የተባለውን ነባር የስኳር መድኃኒት ከወሰዱት በተሻለ ሁኔታ ተገኙ። ጥብቅ የሆነው ሙከራ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ነው። 27 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው አንዱ ወገን ሊራግሉታይድ፣ ሌላው ማስመሰያ ወሰደ። ሊራግሉታይድ የወሰዱት ክብደት ቀነሱ። ከቁጥጥር የወጣው አበላል ግን በሁለቱም ወገን ቀንሶ በመካከላቸው የጎላ ልዩነት ሳይታይ ቀረ። ተሳታፊዎቹ ጥቂት በመሆናቸው መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይቻልም። ይሠራል ብሎ ማወጅም እንዲሁ አይቻልም።

ከየትኛውም መረጃ በላይ የሚያሳስበው በ2025 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣ የአንድ ታካሚ ዘገባ ነው። የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ኬሲ ሃልፐርንና ባልደረቦቹ፣ ሌላ ሕክምና ያልፈየደላቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ ኒውክሊየስ አኩምበንስ በተባለው፣ ምኞትና ሽልማት በሚመራበት ሥፍራ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ አስገብተው ምልክቶቹን ይመዘግባሉ። ቀድመው በታዩት ሁለት ታካሚዎች ሐሳባቸው በምግብ በተወረረ ቁጥር ከዚያ ሥፍራ ዝግተኛ ሞገድ ከፍ ብሎ ይነሣ ነበር። ሦስተኛዋ ታካሚ መግቢያው ላይ የተጠቀሰው ቲርዜፓታይድ ታዞላት ነበር። መጠኑ ሙሉ በሆነባቸው የመጀመሪያ ወራት ያ ሞገድ ጸጥ አለ፤ እርሷም የምግብ ሐሳብ እንደለቀቃት ተናገረች። ብዙ ተጠቃሚዎች የሚያወሩት ያ የሚያስደንቅ እፎይታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥልቅ አንጎል በመሣሪያ ተነበበ ማለት ነው። ነገር ግን ከአምስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ሞገዱ ተመለሰ፤ የምግብ ሐሳቡም አብሮ ተመለሰ።

በአንዲት ሴት ላይ ሕግ አይወጣም። ሆኖም የታየው ነገር ቀደም ብሎ ለተነሣው ጥያቄ ሥጋ ያለብሰዋል። ጥጋብን የሚያመጣው መንገድና አምሮትን የሚቀሰቅሰው መንገድ በአንጎል ውስጥ ይገናኛሉ እንጂ አንድ አይደሉም። መድኃኒቱ የመጀመሪያውን ለረጅም ጊዜ፣ ሁለተኛውን ግን ለወራት ብቻ አስታግሶ ሊሆን ይችላል። ያ እውነት ከሆነ የጸጥታው ወራት ውድ ጊዜ ናቸው፤ ታካሚው ከምግብ ጋር ያለውን ግንኙነት በሥነ ልቦና ሐኪም እርዳታ የሚያስተካክልበት ዕድል።

ተቃራኒውም ስጋት አለ። ይህ ሕመም ከረሃብ ጋር የቆየ ቁርኝት አለው። በ1944 መጨረሻ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውና አንሴል ኪስ የመራው ጥናት 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወንዶችን ለስድስት ወር በግማሽ ርሃብ አቆያቸው። ምግቡ ከተፈቀደላቸው በኋላ አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ ማቆም አቅቷቸው ነበር። ዛሬ በመርፌው ምክንያት ቀኑን ሙሉ ምግብ ያልቀመሰ ታካሚ እየጾመ መዋሉን እንደ ስኬት ከቆጠረው፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ወይም ኃይሉ ሲደክም ምን ሊከተል እንደሚችል ከዚያ ጥናት መገመት ይቻላል። መቋረጡም ተራ ነገር ነው፤ መርፌው ውድ ነው፣ ማቅለሽለሹም ብዙዎችን ያማርራል። ከላይ የተጠቀሰውን የሴማግሉታይድ ሙከራ ከጨረሱት መካከል ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች መድኃኒቱን ባቆሙ በዓመቱ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ራሱን የሚያስርብ ወይም የበላውን የሚያስመልስ ሰው ይህን ሳይናገር ማዘዣ ማግኘቱ ነው።

የተሻለው መንገድ ፍንጭ አለው። የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ በ2017 መድኃኒትን ለዚህ ሕመም ብቸኛ ሕክምና አድርጋችሁ አትስጡ ብሎ፣ በእርዳታ የሚደረግ ራስ አገዝ ትምህርትንና አስተሳሰብና ባሕርይ ላይ የሚያተኩር የንግግር ሕክምናን አስቀደመ። በዬል ዩኒቨርሲቲ የካርሎስ ግሪሎ ቡድን ደግሞ 141 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ አንዱን ወገን በሊስዴክስአምፌታሚን፣ ሌላውን በንግግር ሕክምና፣ ሦስተኛውን በሁለቱም አከመ። መድኃኒት ብቻ ወይም ንግግር ብቻ ካገኙት ከመቶ 40 እስከ 45 ያህሉ ከቁጥጥር የወጣ አበላል ሙሉ በሙሉ ቆመላቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ካገኙት ግን ከመቶ 70 ያህሉ። የጂ.ኤል.ፒ.-1 መድኃኒቶች በዚህ ሚዛን ገና አልተመዘኑም፤ መመዘን ያለባቸው ግን እንዲህ ነው።

ጥያቄው ከአሜሪካና ከአውሮፓ አልፎ የሚመጣበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በህንድ፣ በቻይናና በብራዚል የሴማግሉታይድ የባለቤትነት መብት ማብቂያ ዓመት 2026 ነው፤ ኢትዮጵያም ከምትሸምተው መድኃኒት ትልቁን ድርሻ የምታገኘው ከህንድ ነው። መርፌው ሲረክስ አዲስ አበባ የሚደርሰው ለስኳር ሕመም ክሊኒኮች እንጂ ለሥነ አእምሮ ሐኪሞች አይሆንም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ መጠየቅ የሚወድቀው በስኳር ሐኪሙ ላይ ነው። ማቆም እስኪያቅትህ የበላህበት ቀን ነበር? ብቻህን ነው ወይ የምትበላው? ከዚያ በኋላ ምን ይሰማሃል? የበላኸውን ለማስወጣት ሞክረህ ታውቃለህ? መልሱ አዎ ከሆነ በካርዱ ላይ ከኪሎው ጎን በሳምንቱ ከቁጥጥር ውጭ የተበላባቸው ቀናት ቁጥርም ይመዝገብ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም መጠኑን ከመጨመር በፊት እርሱ ይታይ።