ትዕግሥትና መሪነት በቅኔ ቤት
የደብረ ኤልያስና የአካባቢው የቅኔ ጉባኤ ከዘመናዊው የቡድን ፈተና ጋር ሲነጻጸር

አንድ ወጣት ሌሎችን ለመምራት የሚበቃ መሆኑን፣ ሥራውም አልሳካ ሲለው ሳይቆጣና ተስፋ ሳይቆርጥ የሚቀጥል መሆኑን በምን ማወቅ ይቻላል? ይህ ጥያቄ የመምህራንን፣ የጦር አዛዦችንና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ሁሉ ሲያሳስብ የኖረ ነው። በጽሑፍ ፈተና የማስታወስና የማስላት ችሎታ ይለካል፤ ትዕግሥት ግን በወረቀት ላይ አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡትን ሁለት መልሶች ማነጻጸር ነው። አንደኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተዘጋጀው የቡድን ፈተና ሲሆን፣ ሁለተኛው በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ኤልያስና በአካባቢው አድባራት ለብዙ ትውልድ ሲሠራበት የኖረው የቅኔ ቤት ሥርዓት ነው። አንዱ ከሌላው ተወረሰ ለማለት አይደለም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ግን በዛሬው ክፍል ውስጥ ስለሚሰጠው የቡድን ሥራ የሚያስተምረን ነገር አለ።

፩. በጦርነት ጊዜ የተወለደው ፈተና

የእንግሊዝ የጦር ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1942 የመኮንን ዕጩዎችን የሚመርጡ ቦርዶችን አቋቋመ። ከዚያ በፊት ዕጩው የሚመረጠው በአብዛኛው በአጭር ቃለ መጠይቅ ስለነበረ፣ ተመርጠው ወደ ማሠልጠኛ ከተላኩት ብዙዎቹ ሳይበቁ ይመለሱ ነበር። በአዲሱ አሠራር ከተሳተፉት ሐኪሞች አንዱ የሆነው ዊልፍሬድ ቢዮን ጥቂት ዕጩዎች በአንድነት ተሰብስበው፣ አለቃ ሳይሾምላቸው፣ አንድ ሥራ እንዲሰጣቸው ሐሳብ አቀረበ። መርማሪው ሥራው መጠናቀቁን ብቻ አይመለከትም፤ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ጎልቶ ለመታየት ባለው ፍላጎትና ለጓደኞቹ ባለው አሳቢነት መካከል እንዴት እንደሚመላለስ ይከታተላል።

አሜሪካኖችም ለምሥጢራዊ አገልግሎት የሚላኩ ሰዎችን ለመምረጥ እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻ በቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ከተማ ብዙም በማይርቅ ቦታ አንድ የምርመራ ጣቢያ ከፈቱ። በሥራው ከመሩት ሊቃውንት አንዱ የሥነ ልቡና ተመራማሪው ሄንሪ መሪ ነበር። ዕጩዎቹ በጣቢያው ሦስት ቀን ያህል ይቆዩ ነበር። ከፈተናዎቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው የግንባታ ፈተና የተባለው ነው። ዕጩው ከእንጨት ዘንጎችና ከማያያዣ ቁራጮች አንድ ትልቅ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲያቆም ይታዘዛል፤ ሁለት ረዳቶችም ይሰጡታል። ሥራውን ራሱ በእጁ እንዳይሠራ፣ ረዳቶቹን እያዘዘ እንዲያሠራ ይነገረዋል። ረዳቶቹ ግን ከመርማሪዎቹ ወገን ናቸው። አንደኛው፣ ኪፒ የተባለው፣ ይለግማል፤ ካላዘዙት አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው፣ ባስተር የተባለው፣ የዕጩውን ትእዛዝ ይነቅፋል፤ በራሱም ላይ ይሳለቃል። ሥራውን በተወሰነው ጊዜ የጨረሰ አንድም ዕጩ አልነበረም፤ እንዲጨርስም አልታሰበም። የሚፈለገው ሰውዬው ሲቆጣ፣ ሲለምን፣ ሲተው ወይም ሲታገሥ ማየት ነበር።

መርማሪዎቹ የሥራቸውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1948 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በዚያም ስለ ዕጩዎቹ የሰጡት ግምት በኋላ በሥራ ቦታ ከታየው ጋር የነበረው መጣጣም የተመኙትን ያህል እንዳልነበረ በቅንነት ገልጸዋል። ይህ ቃል ሊጤን የሚገባው ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰውን ማናደድ ቀላል ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ሰውዬው በዓመታት ውስጥ የሚሆነውን መናገር ግን ሌላ ነገር ነው።

፪. ደብረ ኤልያስና የቅኔ ጉባኤው

ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የሚገኘው ደብረ ኤልያስ በጎጃም ከታወቁት የትምህርት ማዕከላት አንዱ ነው። «አፋጀሺኝ» የተባለውን ቴአትር የደረሱት ባለቅኔው ዮፍታሔ ንጉሤ የተማሩት በዚሁ ቦታ ነው። በ1902 ዓ.ም. የተወለዱትና በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። ኋላም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገራቸውን አገልግለዋል። እነዚህ ሰዎች በየመስካቸው ላሳዩት ጽናት የቅኔ ቤት ብቻ ምክንያት ነው ማለት ባይቻልም፣ ያለፉበትን ሥርዓት ሳያውቁ እነርሱን ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

የቅኔ ትምህርት በደረጃ የሚወጣ መሰላል ነው። ተማሪው የግዕዝን ግስና አገባብ ካጠና በኋላ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀጥሎም ባለ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየን፣ ባለ አምስቱን ዋዜማን፣ ባለ ስድስቱን ሥላሴን እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። በየደረጃው ያለው ዕዳ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ተማሪው የሌላውን ቅኔ መድገሙ ሳይሆን በየቀኑ አዲስ ቅኔ ማቅረቡ ነው።

ተማሪው ቀን በዛፍ ጥላ ወይም በገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ ሰምና ወርቁን ሲያገጣጥም ይውላል። ማታ በጉባኤው ፊት ይናገራል። ቤቱ ሳይመታ ቢቀር፣ ዜማው ቢሰበር፣ ወይም ምሥጢሩ ቢደክም ቅኔው አይቀበሉትም። ቀኑን ሙሉ የደከመበት ነገር በአንድ ቃል ይፈርሳል፤ ያውም ታናናሾቹ እየሰሙ። አንዳንዱ ለሳምንታት በዚሁ ደረጃ ላይ ይቆያል። ከእርሱ በኋላ የመጣ ልጅ ቀድሞት ወደ ዋዜማ ሲሻገር እያየ እርሱ ገና በጉባኤ ቃና ይታገላል። በቨርጂኒያ ጣቢያ ባስተር የተባለው ተንኮለኛ ረዳት በ10 ደቂቃ ያደርግ የነበረውን፣ በቅኔ ቤት ራሱ ሥራው በየማታው ያደርገዋል ማለት ይቻላል።

፫. መሪው ከየት ይወጣል?

በአንድ የቅኔ ጉባኤ ብዙ ተማሪ ሊኖር ይችላል፤ መምህሩ ግን አንድ ነው። የኔታ የሁሉንም ቅኔ በየማታው መስማት ስለማይችሉ፣ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሱ ተማሪዎች የታናናሾቹን ቅኔ እየሰሙ ያርማሉ። ይህን ሥራ የሚሠራው ተማሪ አስነጋሪ ይባላል። አስነጋሪውን የሚያስመርጠው ዕድሜው ወይም ትውልዱ ሳይሆን በዚያው መሰላል ላይ ቀድሞ መውጣቱ ነው። ስለሆነም የታናሹን መሰናክል በስም ያውቀዋል፤ ትናንት እርሱ ራሱ የወደቀበት ነውና።

ይህ መሪነት በትምህርት ሰዓት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ተማሪዎች የሚኖሩት ራሳቸው በሠሯት የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። እንጨት መልቀም፣ ውኃ መቅዳት፣ በክረምት የሚያፈስ ክዳን መጠገን የጋራ ሥራቸው ነው። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ከውሻ እየተከላከሉ ከየመንደሩ በልመና የሚያገኙትን ቁራሽ ይዘው ይመለሳሉ። አንዱ ባዶ አኩፋዳ ይዞ የተመለሰ እንደሆነ ከሌላው ይካፈላል። ጎጆውን የሚያስተዳድረው ታላቅ ተማሪ የሚያዝባቸው ልጆች ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ የተራቡና ከቤታቸው የራቁ ናቸው። የሚለግም አለ፤ የሚሳለቅ አለ፤ ሌሊት ተነሥቶ ወደ አገሩ የሚጠፋም አለ። በእንዲህ ያለ ጎጆ ሰላም ማኖር የቻለ ተማሪ ስለ መሪነቱ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር።

፬. የሁለቱ ልዩነት

ከላይ እንደተመለከተው ሁለቱም ሥርዓቶች ሰውን በሥራ መሰናክል ፊት ያቆማሉ። በመካከላቸው ግን ሦስት ዋና ዋና ልዩነቶች አሉ።

አንደኛ፣ የጦርነቱ ጊዜ ፈተና ለመምረጥ የተዘጋጀ ሲሆን የቅኔ ቤት ሥርዓት ለማብቃት የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያው ሰውዬው ዛሬ ያለውን ትዕግሥት ይለካል፤ ሁለተኛው ነገ የሚኖረውን ይሠራል።

ሁለተኛ፣ የግንባታው ፈተና መውጫ የለውም። ዕጩው የቱንም ያህል ቢታገሥ ቅርጹ አይቆምም። የቅኔ ተማሪ ግን ማታ የፈረሰበትን ቅኔ በማግሥቱ በሌላ ይተካዋል፤ መሻገር እንደሚቻልም አጠገቡ የተቀመጠው አስነጋሪ ሕያው ምስክር ነው። ትዕግሥት የሚለመደው መውጫ ባለበት ችግር ነው። መውጫ የሌለው ችግር የሚያስተምረው ተስፋ መቁረጥን ወይም ማስመሰልን ነው።

ሦስተኛ፣ በጣቢያው የሚያደናቅፉት ረዳቶች ተዋንያን ናቸው፤ ፈተናው ሲያበቃ ጉዳዩም ያበቃል። በጎጆው ውስጥ ያለው ለጋሚ ግን እውነተኛ ጓደኛ ስለሆነ ታላቁ ተማሪ ከእርሱ ጋር መኖር አለበት። የዛሬ ቁጣ የነገ ቂም ይሆናልና ትዕግሥቱ የማስመሰል ሊሆን አይችልም።

ይህን ስንል የቀድሞውን ሥርዓት ያለ ነቀፌታ ለማወደስ አይደለም። ረኃብ የማስተማሪያ ዘዴ አይደለም፤ በሽታም እንዲሁ። መሰላሉን ሳይወጡ የቀሩት ልጆች ታሪክ ከወጡት ታሪክ ጋር አብሮ አልተጻፈም፤ እኛም የምናውቀው የጸኑትን ስለሆነ መከራው ሁሉ ጠቃሚ ይመስለናል። ከዚህም ሌላ በሩ ለሴቶች ልጆች በአብዛኛው የተዘጋ ነበር። በዚያው በጎጃም ዓይነ ስውር የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የታወቁ የቅኔ መምህር ለመሆን መብቃታቸው፣ በሩ ቢከፈት ኖሮ ምን ያህል ሰው ሊገኝ ይችል እንደነበረ ያመለክታል።

፭. ለዛሬው ክፍል የሚተርፈው

ከ2003 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በአገራችን ትምህርት ቤቶች «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት በሰፊው ተሠርቶበት ነበር። ጎበዝ ተማሪ መሪ ሆኖ ሌሎቹን እንዲረዳ የታሰበበት ይህ አሠራር በመልኩ ከአስነጋሪ ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል። በውስጡ ግን የሚለይበት ነገር አለ። አስነጋሪው የታናሹን ቅኔ ያርማል እንጂ አይቀኝለትም፤ ቢቀኝለት ማታ በጉባኤ ፊት ወዲያው ይታወቃል። በክፍል ውስጥ ግን የቡድን ሥራ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ለሁሉም እኩል ውጤት የሚያሰጥ ሲሆን፣ ጎበዙ ብቻውን ሠርቶ ሌሎቹ ስማቸውን ሊጽፉ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን መሪው መምራትን፣ ተመሪውም መታገሥን ሳይማር ይቀራል።

ስለዚህ የቡድን ሥራ የሚያዘጋጅ መምህር ሦስት ነገሮችን ቢያሟላ መልካም ነው። ሥራው አስቸጋሪ ይሁን፤ ነገር ግን መውጫ ይኑረው። የቡድኑ መሪ በማዕረግ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ያንኑ ሥራ በቅርቡ ታግሎ በመወጣቱ ይመረጥ። እያንዳንዱም ተማሪ በመጨረሻ የራሱን ሥራ በራሱ አፍ ያቅርብ፤ የተሳሳተም እንደሆነ በማግሥቱ ተመልሶ የሚሞክርበት ዕድል ይጠበቅለት።

ለእነዚህ ሦስት ነገሮች የምርመራ ጣቢያም ሆነ ተዋናይ ረዳት አያስፈልግም። በደብረ ኤልያስ ዛፎች ጥላ ሥር ቅኔውን ሲቆጥር የዋለው ልጅ የነበሩት መምህር፣ ታላቅ ጓደኛና ነገ የሚባል ቀን ብቻ ነበሩ። የዛሬው ተማሪ ከዚያ የሚበልጥ ምግብና መጽሐፍ ይገባዋል፤ ከዚያ ያነሰ ትዕግሥት ግን አይበቃውም።