ስንዱ ገብሩ፦ ከ«መጀመሪያዋ ሴት» ማዕረግ ጀርባ

በአገራችን በአብዛኛው የስም ሐረግ የሚቆጠረው በአባት በኩል ነው። ልጅ በዚህ መንገድ አያቶቹን ሲጠራ የሴት ስም አይገባበትም። በቤተሰብ ታሪክ የአንዲትን ቀዳሚ ሴት ፈለግ የሚከተል ሰውም ብዙውን ጊዜ ከአባቷ ይነሳል። በምርጫ ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ሴት፣ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ታሪክም እንዲሁ ይጀምራል።

አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በሚሲዮናውያን እጅ ኢየሩሳሌምና ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ዳግማዊ ምኒልክን ያገለገሉ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላከው የመልእክተኞች ቡድን ጋር ሄደዋል። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ባሕር አሻግሮ ማስተማር ለብዙ መኳንንት የማይታሰብ ነበር፤ እሳቸው ግን ስንዱንና ታናሽ እህቷን የውብዳርን ስዊዘርላንድ ሰደዱ። ታናሺቱ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

በ1900ዎቹ መጨረሻ አዲስ ዓለም የተወለዱት ስንዱ አገር ቤት በተመለሱ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጣሊያን ወረረን። ጎሬ ላይ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። በጠላት እጅ ከወደቁ በኋላም በመቶዎች ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ጋር በሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው አዚናራ ደሴት ታሰሩ። የገብሩ ቤተሰብ በወረራው ዘመን የከፈለው ዋጋ ከባድ ነው፤ ወንድሞቻቸው ተገድለዋል። ስለ ስንዱ ሲነገር ይህ ዘመን በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ ያሳዝነኛል። ኋላ ላይ የጻፉትን ተውኔትና ግጥም፣ «የልቤ መጽሐፍ»ንም ጭምር፣ ከዚያ መከራ ነጥሎ ማንበብ አይቻልምና።

ከነጻነት በኋላ ደሴ ላይ ትምህርት ቤት መሩ፤ ቀጥሎ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት ሲሰጥ፣ ፓርቲ በሌለበት በተከተለው ምርጫ በራሳቸው ስም ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ፤ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆኑ። ሕዝብ የሚያስታውሳቸው በዚህ ነው። እኔ ግን ትልቁ ሥራቸው መነን ውስጥ የተሠራው ነው ባይ ነኝ። የምክር ቤት ወንበር አንድ ሰው ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ግቢ ግን አስተማሪዎች፣ ነርሶችና ጸሐፊዎች በየዓመቱ ይወጡ ነበር።

የሁለቱን እህቶች ፈለግ መከተል እኩል አይቀልም። ኢትዮጵያዊት ብታገባም የአባቷን ስም አትጥልም፤ ስለዚህ «ስንዱ ገብሩ» በእስር ቤትም፣ በትምህርት ቤትም፣ በፓርላማም ያው አንድ ስም ነው። የውብዳር ግን መነኮሰች። ዛሬ ዓለም በፒያኖዋ የሚያውቃት እማሆይ ጽጌ ማርያም ተብላ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ አረፈች። የቆብ ስሟን ብቻ የሚያውቅ ሰው የስንዱ እህት መሆኗን በቀላሉ አይደርስበትም። በየቤታችን የመነኮሱ አክስቶችና አያቶች ከሐረጉ የሚጠፉትም በዚሁ መንገድ ነው።

ወይዘሮ ስንዱ በ2001 ዓ.ም. አረፉ። በእሳቸው ዘመን መነን የተማሩት ሴቶች ዛሬ ሰማንያና ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። እናቱ ወይም አያቱ ከእነዚያ መካከል የሆኑለት ሰው ማን እንዳስመዘገባቸው፣ ማን «ትምህርት ለሴት ልጅ ምን ይሠራላታል» ብሎ እንደተቃወመ፣ ዳይሬክተሯ ምን ይሏቸው እንደነበር ዘንድሮውኑ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከነስማቸው ይጻፈው።