ከጨጓራ ቅነሳ ቀዶ ሕክምና በኋላ የቤተ ዘመድ ድጋፍ፦ ከዋግ ማዕድ አንጻር

አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ የምትኖር፣ በዋግ የጋዝጊብላ ወረዳ ልጅ ለበዓል ወደ ወረዳው ከተማ አስከተማ ስትገባ ዘመድ አስቀድሞ የሚያየው ሰውነቷን ነው። «ከሳሽ» የሚለው ቃል በዋግ ከባድ ነው። የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ያንን ዘመን ያሳለፈ ሰው መክሳትን ከጤና ጋር አያይዞ ለማሰብ ይቸገራል። ሕፃናትን የሚያቀነጭረውን የምግብ እጥረት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ኪዳን የተሰየመውም በዋግ ከተማ በሰቆጣ ነው። ውፍረቷን ለመቀነስ ጨጓራዋን ያስቆረጠች ሴት የምትመለሰው እንግዲህ ወደዚህ ትዝታ ነው።

በብዛት የሚሠራው ቀዶ ሕክምና የጨጓራውን ሦስት አራተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ ያወጣል። ጥቅሙ የተረጋገጠ ነው፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና አራት ሺህ ገደማ ሰዎችን የተከታተለው የስዊድን ጥናት ውፍረትን ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በጥቅሉ ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሆኖም ሐኪሙ የሚያሳንሰው ጨጓራን እንጂ መሶብን አይደለም።

በማዕዳችን «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላል፤ እሷ ግን አንዱንም ለመጨረስ ትታገላለች። ትኩስና ለስላሳ እንጀራ በደንብ ካልታኘከ ተድበልብሎ ጠባቡ ጨጓራ ላይ ይቆማል። ደረቷን ይይዛታል፣ ምራቅ አፏን ይሞላዋል፣ ተነሥታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ምግቡን በውኃ ላወራርደው ብትል ይብስባታል፤ ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት አለባት። አክስቷ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ስትላት የምታቀርብላት ፍቅሯን ነው፤ እምቢታው መናቅ ይመስላታል። የታካሚዋ አንጀት በሌላ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በአዲስ መስመር የተገናኘ ከሆነ ስሙ የታወቀው የዋግ ነጭ ማር እንኳ የልብ ምቷን ሊያፈጥነውና ላብ ሊያጠምቃት ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የጾሙ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለች ታካሚ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያህል ፕሮቲን እንድታገኝ ይመከራል። ጨጓራዋ ትንሽ ስለሆነ እንቁላል፣ አይብና ሥጋ በሌሉበት ይህን በሽሮና በምስር ብቻ መሙላት በጣም ይከብዳል። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚገኝ ሲሆን፣ እንዲመጠጥ የሚያግዘው ንጥረ ነገር የሚመነጨው ከጨጓራ ነው። ጉድለቱ ጉበት ያከማቸው እስኪያልቅ ተደብቆ ይቆይና እግር በማደንዘዝ፣ አእምሮ በማዘንጋት ይገለጣል። ሕመምተኛ ከጾም ነፃ ሊሆን እንደሚችል ካህናቱ ያውቃሉ። ችግሩ እሷ ሕመምተኛ አለመምሰሏ ነው፤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ዳገቱን ከበፊቱ ቀልሏት ትወጣለች። በሑዳዴ እንቁላል ስትበላ ጎረቤት ቢያያት በሽታዋ አይታየውም። ስለዚህ የንስሐ አባቷ ጉዳዩን ተረድተው ለቤተሰቡ የሚናገሩት ቃል ከሐኪም ማዘዣ የማያንስ ድጋፍ ነው።

ድጋፍ ሲባል ማበረታታት ብቻ ተደርጎ መወሰዱን አልቀበልም። እዚህ ድጋፍ ማለት ትንሽ ለመብላት ፈቃድ ማግኘት ነው፤ ፈቃዱ ያለው ደግሞ በሚያበሉት እጅ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሚሰጠው ምክር ሐኪሙ «ምን ትበያለሽ?» ካለ በኋላ «ማን ያበላሻል?» ብሎ ሊጠይቅና ያንን ሰው ሊያስጠራ ይገባል። ለጉዞው የቀዶ ሕክምናው ወረቀት በቦርሳዋ ይኑር፤ ትውከቱ አልቆም ካለ ሰቆጣ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ የሚያያት ሐኪም ምን እንደተሠራላት ማወቅ አለበት። ማዕዱ ላይም ነገሩን የምታውቅ እህት አጠገቧ ትቀመጥ። የአክስት እጅ ሲዘረጋ «እኔን አጉርሺኝ፣ የእሷን ድርሻ እኔ ነኝ የምበላው» የምትል።